ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የቤት ቆርቆሮ አመራረጥ፦ ከተዳፋቱ እስከ መጨረሻው ምስማር

ብዙ ሰው ቤት ሲጀምር ቆርቆሮውን ቀድሞ ይገዛል። ዋጋው ሳይጨምር ብሎ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ከዚያ አናጢው በለመደው ልክ እንጨቱን ይመታል። ቆርቆሮው ሲወጣ ወይ ያጥራል፣ ወይ ይተርፋል። ያጠረውን ለማዳረስ ድራቡ፣ ማለትም አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ የሚደረብበት ልክ፣ ይሰሰታል። ሐምሌ ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል፣ ጥፋቱ ሁሉ በቆርቆሮው ይላከካል።

ደካማ ቆርቆሮ በገበያ ላይ አለ፣ እሱን እንዴት እንደምትለዩት እመጣበታለሁ። አዲስ ጣሪያ ገና በመጀመሪያው ክረምት ካፈሰሰ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ተዳፋቱ አንሷል፣ ድራቡ አጥሯል፣ ወይም ምስማሩ ቦታውን ስቷል። ስለዚህ እዚህ ግዢው አራተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ሦስቱን አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ጊዜውን ምረጡ

እኛ አካባቢ ክረምቱ ብቻ ሳይሆን በልጉም ይዘንባል። የካቲት መጨረሻ ላይ ጣሪያ የከፈተ ሰው እርጥብ እንጨት ላይ ቆርቆሮ ሊመታ ይችላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጨርሱ። ካልተቻለ ክረምቱ ይለፍ።

## ደረጃ 1፦ ቤቱ የት ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ናቸው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ስትጨርሱ ግን 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችኋል። ለጣሪያ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ደሴ ከሆነ የሚያሳስባችሁ ብርዱ፣ ጉሙና በረዶው ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል። ከቤት ውስጥ የሚወጣው ሙቅ እርጥበት ሥሩ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ብዙ ሰው ይህን «አፈሰሰ» ይለዋል። አላፈሰሰም፤ አልቦት ነው። ዝናብ ባልዘነበበት ማለዳ ጠብታ ካያችሁ ምክንያቱ ላቡ ነው። ምስማር በመጨመር አይድንም። መፍትሔው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ በሁለቱም ጫፍ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ አስቡ፤ ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

ኮምቦልቻ ከሆነ ጠላታችሁ ሙቀቱና ምስጡ ነው። ቀን ላይ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግለዋል፣ ሙቀቱ ወደ ቤት ይወርዳል። እዚህም አየር ማስተላለፊያው ግድ ነው። ምስጡ ደግሞ የሚበላው እንጨቱን ነው። እንጨቱ ከተበላ ምስማሩ ምን ላይ ይያዛል?

በየትኛውም ከተማ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ቤቱ ገላጣ ወይም ገደል አፋፍ ላይ ነው? ነፋስ ቆርቆሮውን የሚያነሳው ከጠርዝ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ምስማር ታበዛላችሁ። ሁለተኛ፣ የጣሪያው ውሃ የሚወርደው ወዴት ነው? ደሴ ውስጥ ግቢው ጠባብ፣ ቦታውም ዳገት ነው። የእናንተ ጣሪያ ውሃ ጎረቤት ግድግዳ ሥር ከወረደ ነገሩ በሽማግሌም አያልቅም። እንጨት ከመቆሙ በፊት ጎረቤታችሁን አነጋግሩ።

## ደረጃ 2፦ ተዳፋቱን በቆርቆሮው ርዝመት ልክ አውጡ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አስሉት።

የተለመደው ሸንተረራም ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር ነው። ሁለቱ ከላይና ከታች ሲደራረቡ 20 ሳ.ሜ. ስጧቸው። ተዳፋቱ በጣም ቁልቁል ከሆነ 15 ሳ.ሜ. ይበቃል፣ ለእኛ ዝናብና ነፋስ ግን 20 ይሻላል። እንግዲህ ሁለት ቆርቆሮ የሚሸፍነው 4 ሜትር ሳይሆን 3.80 ነው።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው። ጣሪያው በየጎኑ 50 ሳ.ሜ. ሲወጣ 9 በ7 ይሆናል። ውሃውን ወደ ሁለት ጎን ስለሚያወርድ ከጠርዝ እስከ መሃል አናት ድረስ አግድም 3.50 ሜትር ነው።

አናቱን ከጠርዙ 1.35 ሜትር ከፍ ብታደርጉት የተዳፋቱ ርዝመት 3.75 ሜትር ይመጣል። ቆርቆሮው ወደ አሸንዳው 5 ሳ.ሜ. አለፍ ማለት አለበት። 3.75 ሲደመር 0.05፣ 3.80! ሁለት ቆርቆሮ ልክክ ብሎ ገባ። መቁረጥ የለ፣ ትርፍ የለ።

አናጢው «1 ሜትር ይበቃል» ካለ ተዳፋቱ 3.64 ይሆናል። ውሃው ይወርዳል፣ ቤቱም አይበላሽም። ነገር ግን ትርፉን ድራብ ውስጥ ትቀብሩታላችሁ፣ የሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግድም እንጨት) ልክም ይለወጣል። ከሁሉም የከፋው ጣሪያው በጣም ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። ለ1 ሜትር አግድም ከ18 ሳ.ሜ. በታች ከፍታ አትስጡ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ነፋስ ውሃውን በድራቡ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የቀለጠ በረዶም እዚያው ይተኛል።

አሁን ወደ ጎን ቁጠሩ። የአንድ ቆርቆሮ ወርድ ስንት ነው ብላችሁ አትጠይቁ። ሁለቱን አደራርባችሁ አንዱ በትክክል የሚሸፍነውን በሜትር ለኩ። የጎን ድራቡ ቢያንስ አንድ ተኩል ሸንተረር፣ ነፋስ ያለበት ቦታ ሁለት ይሁን። የሚሸፍነው 70 ሳ.ሜ. ሆኖ ከተገኘ 9 ሜትርን ለ0.70 አካፍሉ፤ 12.86 ይመጣል፣ 13 በሉት። በአንድ በኩል ሁለት ረድፍ፣ በሁለት በኩል አራት ረድፍ። 13 በ4፣ 52 ቆርቆሮ። ለአናት መሸፈኛው ባለ 2 ሜትር 5 ፍሬ ጨምሩ።

ሰው «የስንት ቆርቆሮ ቤት ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። አናጢው የእናንተን 52 አይቶ «በ44 እጨርሰዋለሁ» ካለ የጎደሉት 8 ቆርቆሮዎች የሚመጡት ከድራቡ ነው። እንቢ በሉ።

## ደረጃ 3፦ እንጨቱን አዘጋጁ

1. ባህር ዛፉ ይድረቅ። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማሩንም ይለቃል። ልጡን ልጣችሁ፣ ከመሬት አንስታችሁ፣ ጥላ ውስጥ ለወራት አቆዩት። ወራጁ (ከግድግዳ ወደ አናት የሚወጣው እንጨት) ከገዛችሁበት ቀን ጀምሮ መድረቅ ይጀምር።
2. ኮምቦልቻ ላይ ምስጡን ተከላከሉ። ግድግዳ ላይ የሚያርፈውን የወራጅ ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጡት።
3. እንጨቱን ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ወራጁን በምስማር ብቻ አትተዉት። ከግድግዳው አናት በተቀበረ ብረት ወይም በወፍራም ሽቦ ይታሰር። ነፋስ ጣሪያ ሲወስድ ቆርቆሮውን ከነእንጨቱ ነው።
4. ሞራሌውን በ90 ሳ.ሜ. ምቱ። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ በ20 ሳ.ሜ. ድራብ 1.80 ይሸፍናል፣ የዚያ ግማሽ 90 ነው። የመጀመሪያው ሞራሌ ከጠርዙ 5 ሳ.ሜ. ገባ ይበል። ከዚያ በየ90 ሳ.ሜ. ቀጥሉ። በምሳሌው ቤት በአንድ በኩል አምስት ሞራሌ ይመጣል፣ የቆርቆሮው ድራብም ልክ ሦስተኛው ሞራሌ ላይ ያርፋል።

ድራቡ ባዶ ላይ ከዋለ ምስማር የሚይዘው እንጨት የለውም። ያን ጊዜ አፉ ይከፈታል።

5. በሲባጎ አረጋግጡ። ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩ። ከሲባጎው ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ሞራሌ ካለ አሁኑኑ ይስተካከል። ቆርቆሮው ከወጣ በኋላ አይቃናም።

*ተሳስቶ ቢገኝስ?* ሞራሌው ቀድሞ በ1.20 ከተመታ ነቅላችሁ አትድከሙ። በየመሃሉ አንድ ጨምሩና ድራቡ በሚያርፍበት ላይ ተጨማሪ ሞራሌ አስገቡ። የአንድ ሞራሌ ዋጋ ከአንድ ክረምት ፍሳሽ ያንሳል።

## ደረጃ 4፦ አሁን ቆርቆሮ ግዙ

### ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው ይሳሳል

ቆርቆሮ የሚሸጠው በጌጅ፣ በውፍረት ቁጥር ነው። ባለ 35 ጌጅ ከባለ 28 ይበልጣል ብሎ የሚገዛ ሰው አለ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። 28 ወፍራም ነው፣ ወደ 0.4 ሚ.ሜ.። 30 ወደ 0.3 ይሆናል። 32 ወደ 0.25፣ 35 ደግሞ 0.2 አካባቢ ነው።

ለመኖሪያ ቤት ምርጫዬን ልንገራችሁ። 28 ግዙ። አቅም ካልፈቀደ 30። 35 ለዶሮ ቤት፣ ለማገዶ ማከማቻ ወይም ለጊዜያዊ አጥር ይሁን። ደሴ ላይ በረዶ ሲወርድ ስስ ቆርቆሮ ይጎደጉዳል፣ የጎደጎደው ውሃ ያቁራል፣ ያቆረው ይዝጋል። ስስ ቆርቆሮ ላይ ሰው ሲወጣም ድራቡ ይተኛል። ገንዘብ ከጠበባችሁ ከቀለሙ ቀንሱ፣ ከአጥሩ ቀንሱ፣ ከውፍረቱ ግን አትቀንሱ።

### ጌጁን በቃል አትመኑ

* በሚ.ሜ. ጠይቁ። «ስንት ጌጅ ነው?» ብቻ ካላችሁ የተፈለገው ቁጥር ሊነገራችሁ ይችላል።
* በማይክሮሜትር ወይም በካሊፐር ሦስት ቦታ ለኩ። ከሌላችሁ የብረት ሥራ ቤት ጠይቁ፣ አያጡም። ባለ ቀለም ከሆነ ቀለሙም በልኬቱ ውስጥ እንዳለ አስታውሱ።
* መለኪያ ከጠፋ ሚዛን አይጠፋም። ገና ያልታጠፈ 1 ካሬ ሜትር ላሜራ 0.4 ሲሆን ከ3 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። 0.3 ሲሆን 2.4 ኪሎ ገደማ፣ 0.2 ሲሆን 1.6 ገደማ ይመዝናል። ከሁለት ሱቅ እኩል ርዝመትና ወርድ ያላቸውን አሥር አሥር ቆርቆሮ አስመዝኑ። ከባዱ ወፍራሙ ነው።
* ከላይ ያለውን ብቻ አትዩ። ከመሃል አንዱን አስወጡ። ጠርዙ የዛገ ወይም ነጭ ዱቄት የያዘ ከሆነ ተዉት። ነጩ ዱቄት እርጥበት የዚንኩን ልባስ መብላት መጀመሩን ያሳያል።
* ውፍረቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «ቆርቆሮ 52» ብቻ የሚል ደረሰኝ ሲበላሽ አያስመልስም።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቦታ ግዙ፤ ሁለት ሦስት ትርፍም ያዙ። ከተለያየ ፋብሪካ የመጣ ቆርቆሮ ሸንተረሩ አይገጥምም። ሲደራረብ ብርሃን ያሳያል።

### ሸንተረራም ወይስ ኢጋ?

ሸንተረራሙ አጭር ስለሆነ በጠባብ መንገድ በትከሻ ይገባል፣ አንዱ ሲበላሽ መተካቱም ቀላል ነው። ኢጋው፣ ጉብታው ማዕዘን ያለው ቆርቆሮ፣ በፈለጋችሁት ርዝመት ይቆረጣል። ከጠርዝ እስከ አናት አንድ ወጥ ስለሚሆን የመሃል ድራብ የለውም፣ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን መኪና እስከ ደጃችሁ ይገባል? ደሴ ውስጥ ሆጤ ወይም ሳላይሽ ሰፈር ዳገት ላይ ቤት ያለው ሰው 5 ሜትር ኢጋ በነፋስ መሃል ተሸክሞ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። መንገዳችሁ ጠባብ ከሆነ ባለ 2 ሜትሩ ይቅለላችሁ። ኢጋ ሲባል ቅርጹ እንጂ ውፍረቱ አልተነገረም፤ እሱንም በሚ.ሜ. ጠይቁ።

ቀለም ላይ ብዙ አትጨነቁ። ኮምቦልቻ ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ወይም ያልተቀባ አንጸባራቂ ይሻላል፣ ጠቆር ያለው ሙቀት ይስባል። ደሴ ላይ የወደዳችሁትን።

## ደረጃ 5፦ አምጡና በትክክል አስቀምጡ

ቆርቆሮ ተደራርቦ እርጥብ ከዋለ በሳምንታት ውስጥ ነጭ ዱቄት ያወጣል። በተለይ የደሴ ጉም ለዚህ የተመቸ ነው። ከመሬት በእንጨት አንሱት። አንደኛውን ጫፍ ከፍ አድርጉት፣ ውሃ ከገባ ይውረድ። በላስቲክ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉት፣ ላብ ይይዛል። ሲሚንቶና ኖራ አጠገቡ አታቡኩ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ዚንኩን ይበላል።

*ረጥቦ ቢገኝስ?* አንድ በአንድ ለያይታችሁ ግድግዳ ላይ አስደግፉ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቀጭን ነጭ ብቻ ከሆነ አብሽሩ፣ ያገለግላል። ጠቁሮ ወይም ቀይ ሆኖ ከታየ ለቤቱ አትጠቀሙበት።

## ደረጃ 6፦ መምታት

ማስጠንቀቂያ፦ በጣሪያው አጠገብ የሚያልፍ የመብራት ገመድ ካለ ሥራ አትጀምሩ። ረጅም ቆርቆሮ ገመድ ከነካ የያዘውን ሰው ይገድላል። መብራት ኃይል መጥቶ እስኪያጠፋው ወይም እስኪያነሳው ጠብቁ። ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮ የተሸከመ ሰው ይውረድ። ጓንት ይደረግ፣ የሚወጣው ሰው ወገቡ በገመድ ይታሰር።

1. ነፋሱ ከወዴት እንደሚመጣ እዩ። ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ዳር ጀምሩ። ያን ጊዜ የድራቡ አፍ ለነፋሱ ጀርባ ይሰጣል፣ ዝናቡ አይገፋበትም።
2. ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ የታችኛው፣ ከዚያ የላይኛው በታችኛው ላይ።
3. የመጀመሪያውን ቆርቆሮ በሲባጎ አቅኑ። እሱ 1 ሳ.ሜ. ከጠመመ አሥረኛው ላይ ሲደርስ ጥመቱ ከመሬት ይታያል።
4. ምስማሩ ጉብታው ላይ ይግባ። ውሃ የሚሄደው በቦዩ ነው። ቦዩ ላይ የተመታ ምስማር ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። ባለ ጃንጥላ የቆርቆሮ ምስማር ከነጎማው ተጠቀሙ። ርዝመቱ ጉብታውን አልፎ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሳ.ሜ. ሞራሌው ውስጥ ይግባ።
5. ምቱን መጥኑት። ጎማው ቆርቆሮውን ነክቶ ትንሽ ሲጨመቅ አቁሙ። ተጨማሪ አንድ መዶሻ ጉብታውን ያጎደጉዳል፣ ጎማውን ይሰነጥቃል፣ በምስማሩ ዙሪያም ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ ይሠራል። ጎማው በጣት ሲዞር ደግሞ ላልቷል ማለት ነው።
6. ጠርዝና ድራብ ላይ አብዙ። በጣሪያው ዙሪያና በድራቡ ላይ አንድ ጉብታ እየዘለላችሁ ምቱ። መሃል ላይ ሁለት እየዘለላችሁ ይበቃል። ገላጣ ቦታ ከሆነ የዙሪያው ጠርዝ በየጉብታው ይመታ።
7. በመቀስ ቁረጡ። ግራይንደር የሚረጨው ፍንጣሪ ቆርቆሮው ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ በየነጠብጣቡ ይዝጋል። ግዴታ ከሆነ መሬት ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብላችሁ ቁረጡ። በየቀኑ ማታ ጣሪያውን በለስላሳ መጥረጊያ ጥረጉ፣ የወደቀ ምስማርና ብናኝ አይደርበት።
8. ስትራመዱ ምስማሩን ተከተሉ። ምስማር ባለበት ሥር ሞራሌ አለ። በመሃሉ ከረገጣችሁ ቆርቆሮው ይተኛል።

*ምስማሩ ሞራሌውን ቢስትስ?* በጣሪያ ሥራ ላይ የሚዘወተር ስህተት ነው፣ ብዙ አናጢ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ምስማሩን አውጡ፣ ቀዳዳውን አድርቁ፣ በአጭር ብሎን ከላይና ከታች ጎማ አድርጋችሁ እሰሩት። ሲሊኮን ብቻውን ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ይላቀቃል። ቀዳዳው ቦዩ ላይ ከሆነ ያ ቆርቆሮ ይነሳና በሌላ ይተካ።

*ቆርቆሮው ወደ ጎን ቢያዘነብልስ?* በመጎተት አታቅኑት። ሦስት አራት ወደ ኋላ ነቅላችሁ ከሲባጎው ጀምሩ።

ነፋስ እንዳያነሳው ብላችሁ ድንጋይ አትጫኑበት። ድንጋዩ ሥር አቧራና እርጥበት ይያዛል፣ ልክ በድንጋዩ ቅርጽ ይበሳል። ያረጀ የዛገ ቆርቆሮም ከአዲሱ በላይ አታድርጉ።

## ደረጃ 7፦ አናት፣ ግድግዳና አሸንዳ

የአናት መሸፈኛው በየጎኑ ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ቆርቆሮው ላይ ይረፍ። እሱም ጉብታ ላይ ይመታል።

ጣሪያው ከፍ ካለ ግድግዳ ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ለምሳሌ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ጎን ከተለጠፈ፣ በሲሚንቶ ብቻ አትድፈኑት። ሲሚንቶው ከቆርቆሮው ይላቀቃል፣ ዚንኩንም ይበላል። ግድግዳውን ቦይ አውጡለት፣ የታጠፈ ላሜራ አስገቡ፣ ላሜራው ቆርቆሮው ላይ ይተኛ።

ማድ ቤቱ በእንጨት የሚነድ ከሆነ የጭስ መውጫ አውጡለት። ጭስና የምጣድ እንፋሎት ቆርቆሮን ከሥር ይበላሉ።

አሸንዳው በየ1 ሜትሩ 5 ሚ.ሜ. ገደማ ወደ መውረጃው ያዘንብል። መያዣው ብረት በየ90 ሳ.ሜ. ይሁን፤ በረዶ ሲሞላው ይከብዳል። ውሃው ከመውረጃው ወጥቶ መሠረቱ ሥር እንዳይቀመጥ ቦይ አውጡለት።

## ደረጃ 8፦ ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ፈትሹ

ኮርኒስ ሠሪው ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ውስጥ ግቡ። በርና መስኮቱን ዝጉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቁሙ፣ ከዚያ ቀና በሉ። የሳተ ምስማር ቀዳዳ እንደ ኮከብ ያበራል። ድራቡ አፉን ከከፈተ ቀጭን የብርሃን መስመር ታያላችሁ። አንዳችሁ ከታች ሆናችሁ በረጅም እንጨት ጠቁሙ፣ አንዱ ላይ ሆኖ በጠመኔ ምልክት ያድርግ።

ከዚያ በውሃ ፈትኑት። የውሃ ጎማ ካላችሁ ከታችኛው ረድፍ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ያረጥበዋል፣ ከየት እንደገባም አይታወቅም። ጠብታው የታየበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ላይሆን ይችላል፤ ውሃ በሞራሌው ተንሸራቶ ሜትር ርቆ ሊወርድ ይችላል። ከጠብታው ወደ ላይ፣ ወደ አናቱ አቅጣጫ ፈልጉ።

ምልክት የተደረገበት ሁሉ ሲስተካከል ለአናጢው ቀሪ ሂሳቡን ክፈሉ። ውሉን ስትዋዋሉ «ጋሼ፣ የመጨረሻውን ክፍያ ከውሃ ፍተሻው በኋላ ነው የምንጨርሰው» ብላችሁ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥራውን የሚያውቅ አናጢ በዚህ አይከፋም።

ዲሽ የሚሰቅል ሰው ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ እንዳይበሳ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ አሸንዳውን ጥረጉ፣ የላሉ ምስማሮችን ለዩ። ጎማው የደረቀውን አውጥታችሁ እዚያው ቀዳዳ ላይ ወፈር ባለ ምስማር ከአዲስ ጎማ ጋር ምቱ።